ሕግ ትምህርት ቤት እንጠይቅ ወይስ እንተው?

በየዓመቱ የትምህርት ክፍል መምረጫው ቅጽ በሚታደልበት ሰሞን፣ በመኝታ ቤቱም በምግብ አዳራሹም አንድ ዓይነት ንግግር ይሰማል። ይኸውም «ሕግ ብማር ደስ ይለኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ነጥቤ አያስገባኝም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሰነፎች አይደሉም። ብዙዎቹ አንባቢዎች ናቸው፤ በክርክር ክበብም ሆነ በክፍል ውስጥ ነገርን ከሥሩ ጀምረው መመርመር የሚወዱ ናቸው። ቅጹ በሚመለስበት ቀን ግን ሕግን ጭራሽ ሳይጽፉ፣ ወይም በመጨረሻው መሥመር ላይ ጣል አድርገው ያስረክባሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ያልጠየቁትን ማንም አይሰጣቸውም፤ ዓመታት ካለፉም በኋላ «ብጠይቅ ኖሮ» እያሉ ይኖራሉ።

በዚህ አጭር ጥናት የምንሻው ሁሉም ሰው ሕግ እንዲማር ለመቀስቀስ አይደለም። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን የራሳችንን ትምህርት የምንንቅበት ምክንያት የለንም። የምንሻው፣ የሚመርጠውም የሚተወውም በወሬ ሳይሆን በምክንያት እንዲወስን ነው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው እኛም ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

1. ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ከረጢት

ጭንቀቱ ሲፈታ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎች ይገኛሉ። አንደኛው «ሕግ ለእኔ የሚስማማ ሥራ ነውን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ብጠይቅ ይቀበሉኛልን?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን የምንመልሰው እኛ ነን። ሁለተኛውን የሚመልሰው ሬጅስትራሩ ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድመን ራሳችን ስለምንመልሰው ነው፤ የሬጅስትራሩን ሥራ ወስደን በራሳችን ላይ የእምቢታ ማኅተም እንመታለን። ሁለተኛውን በፍርሃት ከመለስን ደግሞ የመጀመሪያውን ለመጠየቅ ጊዜ አይተርፈንም።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አንልም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 100 ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመትም ቁጥሩ ከዚህ እምብዛም አልተለየም። በእንዲህ ያለ ወንፊት ውስጥ ያለፈ ትውልድ ነጥብን ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ፍርሃት ስለ አደጋው ያስታውቃል እንጂ መንገዱን አያመለክትም። ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይተን፣ እያንዳንዱን በተራው እንመርምር።

2. ሕግ መማር ማለት ምን ማለት ነው

ብዙ ሰው ሕግን የሚያስበው በችሎት ቆሞ የሚናገረውን ጠበቃ በዓይነ ሕሊናው እያየ ነው። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በሚሟገቱበት ዘመን አንደበተ ርቱዕነት ትልቅ መሣሪያ ነበር። ዛሬም አይናቅም። ሆኖም የሕግ ተማሪ ከሚናገርበት ጊዜ ይልቅ የሚያነብበት ጊዜ እጅግ ይበልጣል፤ ንባቡም እንደ ልብ ወለድ የሚፈስ አይደለም። አንዲት «ወይም» እና አንዲት «እና» የፍርዱን አቅጣጫ የሚለውጡበት ንባብ ነው።

የሚነበበውም ብዙ ነው። በአገራችን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ለብዙ ዘመን ሲጠቀስ ኖሮአል። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታላላቆቹ ሕጎች ተከታትለው ወጡ፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ በ1952 ዓ.ም.፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት በ1954 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት በ1958 ዓ.ም.። ሕግ መኖሩ ብቻ ስላልበቃ፣ የሚያውቁትና የሚሠሩበት ሰዎች እንዲወጡ በ1956 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። እነሆ፣ የሕግ ትምህርት ቤቱ የተወለደው ለክብር ጌጥ ሳይሆን ለሥራ ነው።

ሕግ በድንጋይ እንደ ተቀረጸ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ተምረው የሚጨርሱት ነገር አለመሆኑንም ማወቅ ይገባል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ስለ መሬት የተጻፈውን አያሌ ነገር ከሥራ ውጪ አደረገው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ስለ ጋብቻ የነበረውን ምዕራፍ ተካ። በ1996 ዓ.ም. አዲስ የወንጀል ሕግ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የንግድ ሕግ ወጣ። ዛሬ የተማርነው ነገ በአዋጅ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የሕግ ተማሪ ዋና ትርፉ የአንቀጾች ቁጥር ሳይሆን አንቀጽን የማንበብ ዘዴ ነው። ይህን ዘዴ የሚወድ ሰው በሕግ ይደሰታል፤ የማይወድ ግን በከፍተኛ ነጥብም ቢገባ ዘመኑን እያዛጋ ይኖራል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የሕግ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአማርኛ፣ የክልል ፍርድ ቤቶች ደግሞ በየክልላቸው የሥራ ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ የተማረውን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ አጥርቶ መጻፍ የማይችል ምሩቅ ደንበኛውን ይጎዳል። ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና ስናነብ የከረምን ተማሪዎች በዚህ በኩል ባዶ እጃችንን አንገባም። «የአርትስ ተማሪ ለሕግ አይሆንም» የሚለው ወሬ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ሆኖ ይገኛል።

3. የአንድ ምሽት ፈተና

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ሥራውን ጥቂት መቅመስ ነው። ለዚህ ይረዳ ዘንድ አንድ ምሳሌ እናቅርብ።

አንድ ሰው ኑዛዜ ሳይተው ሞተ። ሌላ ልጅ የለውም፤ አባትና እናቱ በሕይወት አሉ፤ ሚስቱ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ በሕይወት ተወለደ፤ ነገር ግን በተወለደ በ30ኛው ሰዓት ሞተ። የሟቹ ወላጆች «ልጃችን ያለ ልጅ ስለ ሞተ ወራሾቹ እኛ ነን» ይላሉ። ሚስቲቱ ደግሞ «ልጁ ተወልዶአልና አባቱን ወርሶአል፤ ከልጄ ሀብት የእኔም ድርሻ አለ» ትላለች። ማን ይረታል?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚጀምረው ስለ ሰው ነው። በአንቀጽ 1 ሰው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚሞት ድረስ የመብት ባለቤት መሆኑን ይገልጻል። በአንቀጽ 2 ደግሞ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ባስፈለገ ጊዜ ሁሉ እንደ ተወለደ እንደሚቆጠር ይናገራል፤ ግን ሕያው ሆኖ እንዲወለድና ለመኖር የሚችል እንዲሆን ያስፈልጋል። ሚስቲቱ እስከዚህ ድረስ የረታች ትመስላለች። ነገር ግን «ለመኖር የሚችል» ማለት ምን ማለት ነው? አንቀጽ 4 ይመልሳል። ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የኖረ ልጅ ለመኖር እንደሚችል ይቆጠራል፤ 48 ሰዓት ሳይሞላው የሞተ ግን ለመኖር እንደማይችል ይቆጠራል። ልጁ የኖረው 30 ሰዓት ነው። አሁን ደግሞ የሚረቱት ወላጆቹ ይመስላሉ።

ዳሩ ግን አንቀጹ በዚህ አያበቃም። የሕፃኑ ሞት የመጣው ከሰውነቱ አለመጽናት ሳይሆን ከሌላ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ይህ የሕግ ግምት ይፈርሳል። እንግዲህ እናትና ልጅ ከሐኪም ቤት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የተሳፈሩበት ታክሲ ተገልብጦ ሕፃኑ ሞቶ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ክርክሩ ከአንቀጽ ወደ ማስረጃ ይዞራል። ማን ያስረዳ? ግምቱን ለማፍረስ የምትፈልገው ሚስቲቱ ናት፤ ስለዚህ ሸክሙ የእርሷ ነው። በምን ታስረዳ? በሐኪሙ ቃል፣ በሆስፒታሉ መዝገብ፣ በትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስታነብ ልብህ ምን አለ? «ታክሲው ባይገለበጥስ? ልጁ በ48ኛው ሰዓት ላይ ቢሞትስ? ሰዓቱን የመዘገበ ሰው ባይኖርስ?» ብለህ ራስህ ጥያቄ ከጨመርህበት ሕግ የአንተ መስክ ሊሆን ይችላል። «ለጥቂት ሰዓት ይህን ያህል ንትርክ!» ብለህ ከሰለቸህም በዚያው ትልቅ ነገር ተምረሃል፤ አምስት ዓመት ሳታባክን በአንድ ምሽት ዐወቅህ። ለእህቶቻችንም የምንለው ይህንኑ ነው።

ከዚህ በላይ ለመቅመስ የሚፈልግ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጣቸውን ውሳኔዎች ያንብብ። በአማርኛ ተጽፈው ከ20 በላይ በሆኑ ቅጾች ታትመዋል። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች እንዲያስገድድ ስለ ተደረገ፣ እነዚህ ቅጾች የሕግ ሰዎች የዕለት እንጀራ ናቸው። ከአንዱ ቅጽ ሦስት ውሳኔ መርጦ ማን ምን እንደ ጠየቀ፣ የሥር ፍርድ ቤቱ ምን እንዳለ፣ ሰበር ለምን እንደ ሻረው ወይም እንዳጸናው በአንድ ገጽ መጻፍ ጥሩ ልምምድ ነው።

4. የነጥብ ሒሳብ

የመጀመሪያውን ጥያቄ «አዎን፣ ይስማማኛል» ብሎ የመለሰ ሰው ወደ ሁለተኛው ይምጣ። እዚህ ላይ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ድፍረት ሳይሆን እርሳስና ወረቀት ነው።

አንድ ተማሪ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በ15 ክሬዲት 2.8 አመጣ እንበል። በሁለተኛው 16 ክሬዲት ይማራል። አማካይ ውጤቱን 3.2 ለማድረስ ስንት ያስፈልገዋል? ጠቅላላው ክሬዲት 31 ነው። 31 በ3.2 ሲባዛ 99.2 ይሆናል። እስካሁን በእጁ ያለው 15 በ2.8 ሲባዛ 42 ነው። የቀረው 57.2 ለ16 ሲካፈል 3.575 ይመጣል። ይህ ከባድ ነው፤ ግን የሚቻል ነው። በአብዛኛው ኤ፣ በጥቂቱ ቢ ማምጣት ማለት ነው። ተማሪው አሁን «ተስፋ የለኝም» አይልም፤ «3.575 ያስፈልገኛል» ይላል። የመጀመሪያው ቃል ያስተኛል፤ የሁለተኛው ቃል ግን ቤተ መጻሕፍት ያስገባል።

ሌላው ተማሪ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት 2.0 አመጣ እንበል። በእጁ ያለው 30 ነው። የቀረው 69.2 ለ16 ሲካፈል 4.325 ይሆናል። ከ4.0 በላይ የሚሰጥ መምህር የለምና 3.2 ለዚህ ተማሪ በዚህ ዓመት አይገኝም። ይህንንም ማወቅ ጥቅም ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ከሚኖር፣ በሌላው በር እንዴት እንደሚገባ አሁኑኑ ማሰብ ይችላል። ሒሳብ ተስፋን የሚገድል ጠላት አይደለም፤ የሚሠራውን ተስፋ ከማይሠራው ይለያል እንጂ።

5. «ዓምና ስንት ነበር?»

በየመኝታ ቤቱ የሚነገረው የዓምናው መቁረጫ ነጥብ እንደ ግድግዳ ይታያል። «ዓምና 3.5 ነበር» ከተባለ 3.4 ያለው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ነገር ግን መቁረጫ ነጥብ ምን እንደ ሆነ እናስተውል። ብዙውን ጊዜ ማንም አስቀድሞ የደነገገው መለኪያ አይደለም፤ የመጨረሻውን ወንበር ያገኘው ተማሪ ነጥብ ነው። እርሱም በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በወንበሩ ብዛት፣ በአመልካቹ ብዛትና በአመልካቾቹ ውጤት። ሦስቱም በየዓመቱ ይለዋወጣሉ። ወንበሩ ከ50 ወደ 70 ቢያድግ መቁረጫው ይወርዳል፤ በዚያ ዓመት ፈተናው ቀልሎ የሁሉም ውጤት ከፍ ቢል ደግሞ ይወጣል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ወሬው ራሱ መቁረጫውን የሚያንቀሳቅስ መሆኑ ነው። «ዘንድሮ ሕግ አይቀመስም» የሚል ወሬ ብዙ ሰው ካሸሸ አመልካች ይቀንሳል፤ መቁረጫውም ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ የሚገባው ሳይሸሽ የቀረው ነው። የሸሸው ደግሞ ነጥቡ ከዚያ ይበልጥ እንደ ነበር ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ያውቃል። ስለዚህ የዓምናውን ቁጥር እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ መረጃ እንያዘው። የሚቻል ከሆነም የአንድ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን የሦስት የአራት ዓመቱን እንጠይቅ፤ ያን ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚልበትን ወሰን እናያለን።

6. ቅጹን መጻፍ

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስተውለው ነገር ደርሰናል። «ሕግን አንደኛ ብጽፍና ባላገኝ ሁለተኛው ምርጫዬም ያመልጠኛል» የሚል ስጋት አለ። ይህ ስጋት አንዳንድ ጊዜ እውነት፣ አንዳንድ ጊዜ ሐሰት ነው። የሚለየው ወንበሩ በሚደለደልበት ዘዴ ነው።

ስድስት ተማሪዎች አሉ እንበል፤ ሀ 3.8፣ ለ 3.6፣ ሐ 3.4፣ መ 3.2፣ ሠ 3.0፣ ረ 2.8 አላቸው። ሦስት የትምህርት ክፍሎች አሉ፤ ሕግ፣ ኤኮኖሚክስና ታሪክ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወንበር አላቸው። ሀና ለ ሕግን አንደኛ ጻፉ። ሐ፣ ሠና ረ ኤኮኖሚክስን አንደኛ፣ ታሪክን ሁለተኛ ጻፉ። መ ሕግን አንደኛ፣ ኤኮኖሚክስን ሁለተኛ፣ ታሪክን ሦስተኛ ጻፈ።

በአንደኛው ዘዴ ተማሪዎች በነጥባቸው ተራ እየተጠሩ፣ ባዶ ከሆነው ውስጥ የበለጠ የሚወዱት ይሰጣቸዋል። ሀና ለ ሕግን ይወስዳሉ። ሐ ኤኮኖሚክስ ይገባል። መ ሲጠራ ሕግ ሞልቷል፤ ሁለተኛ ወደ ጻፈው ወደ ኤኮኖሚክስ ይሄዳል፤ አንድ ወንበር አለና ያገኛል። ሠና ረ ታሪክ ይገባሉ። እንግዲህ መ ሕግን አንደኛ በመጻፉ ምንም አልጎደለበትም።

በሁለተኛው ዘዴ እያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ የሚያየው እርሱን አንደኛ አድርገው የጻፉትን ነው። ሕግ ሀንና ለን ይወስዳል። ኤኮኖሚክስ አንደኛ ከጻፉት መካከል ሐንና ሠን ይወስዳል፤ ሞላ። መ ከሕግ ተመልሶ ሲመጣ በኤኮኖሚክስ ቦታ የለም። 3.0 ያለው ሠ ገብቶ 3.2 ያለው መ ወደ ታሪክ ይሄዳል። በዚህ ዘዴ ሕግን አንደኛ መጻፍ ዋጋ ያስከፍላል።

ስለዚህ ቅጹን ከመሙላታችን በፊት ወደ ሬጅስትራር ሄደን አንዲት ጥያቄ በግልጽ እንጠይቅ፤ «አንደኛ ምርጫዬን ባላገኝ፣ በሁለተኛው ምርጫዬ ከሁሉም ጋር በነጥቤ እወዳደራለሁ? ወይስ አንደኛ የጻፉት ከወሰዱ በኋላ የተረፈውን እጠብቃለሁ?» መልሱ የመጀመሪያው ከሆነ የሚወዱትን በሚወዱት ተራ ከመጻፍ የሚሻል ብልሃት የለም፤ መፍራት ትርፍ ኪሳራ ነው። መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ በአራተኛውና በአምስተኛው ክፍል የጻፍነው ሒሳብ ይረዳል። ደንቡ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዓመት ዓመትም ሊለያይ ስለሚችል፣ የዓምናውን ተማሪ ምክር ከማመን የዘንድሮውን ማስታወቂያ ማንበብ ይበልጣል። የመግቢያ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ካለም በዚያው ማስታወቂያ ላይ ይገኛል።

7. ሁለት ባላ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ሕግን መጠየቅ ማለት ያለ ሕግ መሞት ማለት አይደለም። ያልተቀበሉት ተማሪ ያሉት መንገዶች ከሚያስበው ይበዛሉ።

አንደኛ፣ የሕግ ትምህርት ቤት አንድ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ሌላ በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በሐዋሳ፣ በጅማ፣ በሐሮማያ፣ በመቐለና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ በማታ ወይም በተከታታይ ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ አለ፤ ክፍያ አለው፤ ጉልበትም ይጠይቃል፤ ቢሆንም ቀን እየሠሩ ማታ ተምረው ዳኛና ጠበቃ የሆኑ ብዙዎች ናቸው። ሦስተኛ፣ በአንድ መስክ ተመርቆ ሕግን እንደ ሁለተኛ ትምህርት መጀመር ይቻላል። ታሪክ ያወቀ የመሬት ክርክርን፣ ኤኮኖሚክስ ያወቀ የግብርና የንግድ ሕግን፣ ቋንቋ ያወቀ የውልን አጻጻፍ በሌላ ዓይን ያያል። በዚህ መንገድ የሚያልፉት ዓመታት የባከኑ አይባሉም።

ነገር ግን ሁለተኛው ባላ ከልብ የተተከለ መሆን አለበት። ሁለተኛ ምርጫውን ሳያስብ በጣቱ የነካውን የጻፈ ሰው፣ ሕግ ባመለጠው ጊዜ የሚወድቀው በማያውቀው ጉድጓድ ነው። ስለ ሁለተኛው ምርጫ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ጥያቄ ይገባል።

8. ስለ ቤተሰብና ስለ አገር

ይህን ሁሉ ሒሳብ የሚያስንቅ ሌላ ጭንቀት ያላቸው ጓደኞች አሉን። በአገር ቤት ያሉት አባትና እናት፣ ታናናሽ ወንድሞችና እህቶችም የሚጠብቁት ምሩቅ ደመወዝተኛ ነው። የሕግ ትምህርት ከአብዛኞቹ የአርትስ ትምህርቶች በአንድ ዓመት ይረዝማል። አንድ ዓመት ማለት ለዚህ ተማሪ የአንድ ዓመት ደመወዝ ማጣት፣ በወጪ መጋራት ዕዳው ላይም የአንድ ዓመት መጨመር ማለት ነው። ከምረቃ በፊት የመውጫ ፈተና አለ። ይህ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች የተዳረሰው በ2015 ዓ.ም. ቢሆንም፣ በሕግ የተጀመረው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። ከምረቃም በኋላ በጥብቅና ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሳያስሉ መግባት ጅልነት ነው። አስልቶ «አልችልም» ያለውን ደግሞ ፈሪ ብሎ መጥራት ነውር ነው። የእኛ ምክር ይህ ስሌት ከቤተሰብ ጋር በግልጽ እንዲደረግ ነው። አባቱን ሳይጠይቅ «አባቴ አይስማማም» የሚል ተማሪ፣ ሬጅስትራሩን ሳይጠይቅ «አይቀበሉኝም» ከሚለው አይለይም።

«ሕግ የተማረ ሞልቷል፤ ሥራ የለም» የሚሉም አሉ። ሥራ መፈለግ ዛሬ ለማንም ምሩቅ ቀላል አለመሆኑን አንክድም። ግን ወደ አንድ ፍርድ ቤት በር ሄደን ጠዋት እንቁም። ከራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ ፊት ተራ የሚጠብቁት ሰዎች የመጡት ስለ ቀለብ፣ ስለ ወሰን፣ ስለ ሥራ ስንብት ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም የላቸውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። በአንቀጽ 37 ደግሞ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ፍርድ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። እነዚህ መልካም አንቀጾች ናቸው፤ ግን አንቀጽ በራሱ እግር አይሄድም፤ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልገዋል። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ መፈቀዱም ለወጣት ባለሙያዎች አዲስ በር ነው። የሚጎድለው የሕግ ሰው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ለድኻ የሚናገር፣ በራሱ ቋንቋ የሚጽፍለት፣ ጉቦ የማይቀበል የሕግ ሰው ነው። ለዚህ ሥራ በ3.9 የገባው በ3.1 ከገባው ይበልጣል ብሎ የሚምል አይገኝም።

9. እንግዲህ ምን እናድርግ

ነገሩን ለማጠቃለል ቅጹ ከመመለሱ በፊት የሚሠሩትን አምስት ነገሮች በቅደም ተከተል እናስቀምጣለን። አንደኛ፣ በሦስተኛው ክፍል ያለውን ጉዳይና ሦስት የሰበር ውሳኔዎች አንብበን፣ ሥራውን እንደምንወደው ወይም እንደማንወደው ለራሳችን በእውነት እንመስክር። ሁለተኛ፣ ነጥባችንን አስልተን የሚያስፈልገንን ቁጥር በወረቀት እንጻፍ። ሦስተኛ፣ የድልድሉን ዘዴ ከሬጅስትራር እንጠይቅ። አራተኛ፣ ሁለተኛውን ባላ መርምረን እንትከል። አምስተኛ፣ ከቤተሰብ ጋር እንማከር። እነዚህን አምስቱን የሚሠራ ሰው ቢበዛ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ አምስት ዓመት ለሚፈጅ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ብዙ አይደለም።

ከዚህ በኋላ «ሕግ ለእኔ አይደለም» የሚል በሰላም ይሂድ፤ ውሳኔው የራሱ ነው። «ሕግ የእኔ ነው፤ ነጥቤም በወሰኑ ውስጥ ነው» የሚል ደግሞ ቅጹን በንጹሕ እጅ ሞልቶ ያስረክብ። ባይቀበሉትም የተፈረደበት ተሰምቶ ነው፤ ጉዳዩን ሳያቀርብ በሌለበት አልተፈረደበትም። ነገ የሌላውን ሰው አቤቱታ ልንይዝ የምንመኝ ሁሉ የራሳችንን አቤቱታ በማቅረብ እንጀምር።